በየዓመቱ የሚረዝመው አጎቴ

ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ ጃቫ የምትባለው የእናቴ አገር ሰው ታስረዝማለች ብዬ አምን ነበር። ልጅ ማለቴ አይደለም፤ ልጅማ የትም ያድጋል። እኔ የምለው ትልቅ ሰው፣ ጢም ያወጣ፣ ወልዶ የሳመ ሰው ነው። እዚያ የኖረ ሰው መርዘሙን አያቆምም ባይ ነበርኩ። ደግሞ ዝም ብዬ አልነበረም ያመንኩት፤ ማስረጃ ነበረኝ። ማስረጃዬም ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው ሰፈር፣ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የፍሪጃችን በር ላይ በፒዛ ቤት ማግኔት ተለጥፎ ለሚያየው ሁሉ ይታይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ዋርሲቶ በየዓመቱ ለዒድ እናቱን ይዞ ደጃፋቸው ላይ ይቆምና ፎቶ ይነሳል። ፎቶውን ከደረቀ ዓሣ ጋር በአንድ ካርቶን አሽጎ ይልክልናል። ካርቶኑ ሲከፈት ኮሪደሩ በሙሉ በዓሣ ይሸታል፤ ፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ በራቸውን ከፍተው «ሁሉ ሰላም ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ፎቶው ራሱ ለሳምንታት ዓሣ ዓሣ ይላል። እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤም ቢሆን ቀርቤ አየው ነበር።

ቦታው ተለውጦ አያውቅም። የእናቴ አባት በእጁ ጠርቦ የሠራው ባለ ጌጥ የእንጨት በር አለ። ከበሩ በስተቀኝ አረንጓዴ የተቀባ መስኮት አለ። ዋርሲቶ ጥቁር ቆቡን ደፍቶ ከበሩ ሥር ይቆማል፤ ምባህ በነጭ ሻሽዋ ከጎኑ ትቆማለች። ምባህ በእናቴ አገር አያት ማለት ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ዋርሲቶ ትከሻው ላይ ልጅ ቢሸከም ልጁ ከጉበኑ ሥር እንደ ልቡ ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ጎንበስ ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ ልጁን ማውረድ ግድ ነው። በአምስተኛው ፎቶ ላይ የዋርሲቶ ቆብ ጉበኑን ነክቶ ወደ አንድ ጎን ጣል ብሏል። ምባህ እንኳ አልቀረላትም፤ ደረቷ ጋ የነበረው መስኮት ወገቧ ጋ ወርዷል። ሰው ሲረዝም መስኮት ይወርዳል፤ ይሄ ለእኔ ምንም አያስገርምም ነበር።

ቁመት ለእኔ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። የክፍል ፎቶ ስንነሳ የክፍላችን ስም የተጻፈባትን ጥቁር ሰሌዳ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ሰሌዳዋን የሚይዘው ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነው። መምህሯ ክብር ነው ብትለኝም ክብር አለመሆኑን አውቅ ነበር። አባቴ በየልደቴ የመታጠቢያ ቤቱ መቃን ላይ ያቆመኝና ከጭንቅላቴ በላይ በእርሳስ ያሰምራል፤ የሰባትና የስምንት ዓመት መስመሮቼ ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር መስለው ነበር። አባቴ ዘርይሁን ረጅም ሰው ነው። እናቴ ያቲ ደግሞ ብብቱ ሥር ትገባለች። «በእናቷ ወጥታ ነው» ይላሉ እንግዶች፤ ከንፈር እንደ መምጠጥ እያደረጋቸው። እኔ ግን ወደ ፍሪጁ እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር። የእናቴ ወገኖች አጭር የሚሆኑት ከአገራቸው ሲወጡ ብቻ መሆኑን እነሱ የት ያውቃሉ!

እናቴና አባቴ የተገናኙት በሰው ጥርስ ምክንያት ነው። አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ክሊኒክ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ እናቴ ደግሞ ቤታቸው ገብታ የምትንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሽማግሌው ጥርስ አልገጥም እያለ ደጋግመው ተመላለሱ። አባቴ ሆን ብሎ እንዳላበላሸው ይምላል፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ አላመነችውም። አማርኛ ያስተማራት እሱ ነው። እሷም ከመሳሳት ማክበር ይሻላል ብላ ይመስለኛል፣ ሁሉንም ሰው አንቱ ትላለች። አባቴን አንቱ ትላለች፣ እኔን አንቱ ትላለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሐበሻ ከሆነ እሱንም። «ጸዮን፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ አውቶቡሱ ሊያመልጥዎት ነው» እየተባለች ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ በቶሮንቶ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። በእኛ ቤት ሁለት ዓይነት ጾም ይጾማል፤ እኔ ሁለቱንም እሽር ነበር።

አባቴ የተወለደው አሰብ ነው። አባቱ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር። ልጅ ሳለ ጠዋት ዋኝቶ፣ ጨዉ ቆዳው ላይ ደርቆ እየቆረቆረው ክፍል ይገባ ነበር። ጊዜው ሲገለባበጥ ቤተሰቡ በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ባሕር ለእሱ የሰው አገር ሆነ። ቶሮንቶ እንደ ገባ ጓደኞቹ ሊያጽናኑት ሐይቁ ዳር ወሰዱት አሉ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጨልፎ ቀመሰና ተፋው። «ጨው የለውም» አለ፤ ወደ መኪናው ተመለሰ።

እንግዲህ እንደ ሌላው ሰው ለገጣፎ ወይም ሰበታ ቦታ መግዛት ሲገባው፣ ያጠራቀማትን ይዞ ከእናቴ መንደር ገባ። መንደሩ የጃቫ ሰሜን ጠረፍ ላይ ነው፤ ከምባህ ቤት ጓሮ ጀምሮ እስከ ባሕሩ ድረስ ባንዴንግ የሚሉት አጥንታም ዓሣና ሽሪምፕ የሚረባባቸው ኩሬዎች ተደርድረዋል። አባቴ ኩሬ ገዛ፣ ከምባህ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል አሠራ። እዚያ አገር የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ አይይዝም፤ እናቴም ካናዳዊ ሆናለች፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በዋርሲቶ ስም ሆነ። የቶሮንቶ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ መሳቂያ አደረጉት። በተለይ ክፍሌ፣ እዚያው ዳንፎርዝ ላይ የጉዞ ቢሮ ያለው የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ አይለቀውም ነበር። «ሰው በሚስቱ ወንድም ስም ባሕር ይገዛል?» ይለዋል። «ባሕር አልገዛሁም፤ ባሕሩ ዳር ነው የገዛሁት» ይላል አባቴ። በኋላ ነገሩ ሲገለበጥ ይህቺን መልስ ክፍሌ ስንት ዓመት ሲያስታውሰው ኖረ።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ጠቅልለን እዚያ ልንኖር ተወሰነ። ማን እንደ ወሰነው አላውቅም። አባቴ ለክሊኒኩ ኖቲስ ሰጠ። እናቴ ለምትሠራበት ቤት ነገረች። አፓርትመንቱን ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንለቃለን ተባለ። እኔ በበኩሌ ሰሌዳዋን ለማን እንደማወርሳት ማሰብ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ምስጢር ተሸከምኩ። የመጀመሪያው የአባቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዋና ሊያደርሰኝ ሲወስደኝ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ ለዋርሲቶ ይደውላል። እንግሊዝኛ ሁለቱም ሰባብረው ነው የሚናገሩት። ስልክ ላይ ያለ ሰው መስማት የተሳነው ይመስል አባቴ ይጮሃል፦ «ብራዘር! ስንት ትራክ? ኦኬ፣ እልካለሁ። ያቲ እንዳትሰማ! ያቲ፣ ኖ!» ከዚያ በመስተዋቱ ያየኝና «ለእማዬ እንዳትነግሪ፤ እሺ?» ይለኛል።

ሁለተኛው የእናቴ ነው። እሷ ወንድሟን የምታነጋግረው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቧንቧውን ከፍታ ነው። ጃቫንኛዋን አልሰማም፤ ግን ከውኃው ድምፅ መሃል አንዲት ቃል ደጋግማ ትወጣለች፤ ትሩክ፣ ትሩክ። ያቺን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻም። በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ካገኘችኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። «ለአባትዎ አይንገሩ፤ ይከፋቸዋል» ትለኛለች።

ይከፋቸዋል ያለችው ትንሽ ግራ ቢያጋባኝም የቀረው ግልጽ ነበር። አባቴ ለእናቴ፣ እናቴም ለአባቴ በድብቅ ትራክ እየገዙ ነው፤ ጃቫ ስንደርስ ሰርፕራይዝ ሊደራረጉ። ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት ትራክ የት ይቆማል? ፎቶው ላይ ከበሩ ፊት ያን ያህል ቦታ አይታይም። ግን ምስጢር ጠባቂ ልጅ ነበርኩ፤ አፌን ዘጋሁ።

ያን እሑድ አስታውሰዋለሁ። የመጋቢት ዝናብ ከበረዶ ጋር ተደባልቆ መስኮቱ ላይ ይጠፈጥፋል። እናቴ ሩዝ በኦቾሎኒ ማጥቀሻ አቅርባለች፤ ዓሣም ጠብሳለች። ክፍሌ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሦስት ሰው፣ ዋን ዌይ፣ ሐምሌ መጀመሪያ» አለ። «ቡክ አድርጌላችኋለሁ። ነገ ትኬቱ ኢሹ ይደረጋል፣ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሪፈንድ የሚባል ነገር የለም። አስባችሁበታል?»

«ምን የሚታሰብ አለ» አለ አባቴ፣ እናቴን እያየ።

«ምንም የለም» አለች እናቴ፣ አባቴን እያየች።

ክፍሌ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጥቂት እንደ በላ ዓሣውን እያመሰገነ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ለነገሩ እኔም ብቻችሁን አልለቃችሁም» አለ። «ስስቅብህ ከረምኩ፤ አሁን ግን ገባኝ። ቶሮንቶ ማርጀት ለማን ይበጃል? ከኩሬያችሁ ጎን ያለውን ልገዛ ነው። ጡረታ ብዬ ያስቀመጥኳት አለች። ዋርሲቶን ጠይቅልኝ።»

አባቴን ሩዙ ትን አለው። ክፍሌ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። እናቴ ብድግ ብላ ኩሽና ገባች፤ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ሦስተኛ ትራክ ልታዝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ከጠረጴዛው ሥር በገባሁ። እናቴም አባቴም፣ ክፍሌ ሊገዛው ያለው ኩሬ ከሁለት ዓመት በፊት ግድቡ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ መግባቱን ያውቃሉ። የእኛም እንደዚያው። ሁለቱም እያወቁ፣ ሌላው አያውቅም ብለው፣ ሌላው እንዲናገር ሳይሆን ሌላው እንዳይሰማ እየጸለዩ ነበር የተቀመጡት።

ክፍሌ ዝምታ አይወድም። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ጃቫ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ልረዝም» አልኩት።

ሳቀ። «በእናትሽ ዘመዶች መሃል? እዚያማ ግፋ ቢል ረጅሟ አንቺ ነሽ!»

ይህን መታገሥ አልቻልኩም። ሮጬ ሄጄ ፎቶዎቹን ከፍሪጁ ላይ ገነጣጠልኳቸው፤ ማግኔቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የክፍሌን ሳሕን ገፋ አድርጌ አምስቱንም በተርታ ደረደርኳቸው። «እየው!» አልኩ። «አጎቴ በየዓመቱ ይረዝማል! ምባህም ረዝማለች! እዚያ የኖረ ሰው ሁሉ ይረዝማል!»

ክፍሌ መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በጣቱ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ተመልሶ መጣ።

«ዘሩ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰውየው አይደለም የረዘመው። መስኮቱን እየው። ወለሉ ነው የወጣው።»

«እ… ትንሽ አፈር ሞልተውበት ነው» አለ አባቴ። «እርጥበት ነገር አለው።»

«ይሄ ትንሽ ነው? በሩን እኮ ሊውጠው ነው!»

እናቴ ከኩሽናው መግቢያ ላይ ቆማለች። እጇ እርጥብ ነው፤ ውኃው በጣቶቿ ጫፍ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ አያት። እሷም አየችው። እኔ ነገሩ እንደ ፈነዳ ገባኝ፤ ትራኮቹ ታወቁ፣ ያወጣችው ጸዮን ናት ሊባል ነው።

«ስለ ትራኩ እኔ አልተናገርኩም!» ብዬ ጮህኩ።

«የትኛው ትራክ?» አለ አባቴ።

«የትኛው ትራክ?» አለች እናቴ፣ እኩል።

ለቅሶዬ መጣ። «አንተ ለእማዬ የገዛኸው ነዋ! እሷም ለአንተ የገዛችው! ፓርኪንጉ ውስጥ… መታጠቢያ ቤት…»

እናቴ እርጥብ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አላት።

«የተወለድኩበት ቤት ነው። መስኮቱ የት እንደነበረ አላውቅም?»

ነገሩ ተፈታ። አባቴ ባሕሩ ቤቱ ድረስ መግባት መጀመሩን ከዋርሲቶ ሰምቶ፣ ያቲ የእናቷ ቤት ሰጠመ ብላ እንዳትሰቀቅ፣ ወለሉን ከፍ የሚያደርግ አፈር በትራክ እንዲመጣ በድብቅ ይልካል። እናቴም ከፎቶው አይታ፣ አንድ ባሕር የተቀማ ሰው ሁለተኛውንም አጣ እንዳይባል፣ እሷም በድብቅ አፈር ትልካለች። ሁለቱም ዋርሲቶን አደራ ለሌላው እንዳትናገር ብለውታል። ዋርሲቶም አደራ አክባሪ ነው።

ክፍሌ ጭንቅላቱን ያዘ። «ቆይ፣ ቆይ። ባሕሩ በአንድ እጁ ሲመጣ እናንተ በሁለት እጅ ስትሞሉ ነበር? ለዚህ ነዋ ሰውየው ጣራ ሊነካ የደረሰው!»

እዚያው ደወሉለት፤ ስፒከር ላይ አደረጉት። እዚያ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ዋርሲቶ ግን ወዲያው አነሳ። ከድምፁ ኋላ ውኃ ቸለስ፣ ቸለስ ይላል። ገላውን እየታጠበ ነው ብዬ አፈርኩ። ለካ ባሕሩ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው፤ ነቅቶ ከምባህ አልጋ ሥር ውኃ እያስወጣ ነበር። እናቴ በቋንቋቸው ረጅም ነገር ጠየቀችው። እሱ ቀስ እያለ መለሰ፤ እሷም ወደ እኛ ዞራ ተረጎመችው።

«ለእርስዎ ስለ እኔ መናገር አፈርኩ ይላሉ። ለእኔም ስለ እርስዎ መናገር አፈሩ። የተላከውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉንም ደፋሁት ይላሉ።»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ጠረጴዛውን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። እኔ ትራኮቹ ስለ ቀሩ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ያለቀሰችው ለኩሬው ወይም ለቤቱ እንዳልነበረ በኋላ ራሷ ነግራኛለች። «አባትዎ ያን ሁሉ ጊዜ ለእናቴ እንቅልፍ ብለው መኪና ውስጥ ሲጮኹ ነበር፤ እኔ እርስዎን ዋና የሚያደርሱ መስሎኝ» አለችኝ።

ክፍሌ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በእጁ ያዛቸው። «እሺ» አለ። «አሁን ያለ ይሉኝታ መልሱልኝ። ጠቅልሎ መሄድ የሚፈልግ ማነው?»

አባቴ እናቴን አያት። «እናትሽ ጋ መሆን ትፈልጊያለሽ ብዬ ነው እኔ…»

«እኔ ደግሞ እርስዎ ባሕር ይፈልጋሉ ብዬ…»

እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንሄድም ሲባል አነባሁ። ለምባህ ያለቀስኩ መስሏቸው ሁለቱም አቀፉኝ። ክፍሌ ግን ነገሩ ገብቶታል፤ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣና መብራቱን በራሱ ነካው። «አየሽ? እኔ አልረዘምኩም፤ ወንበሩ ነው» አለኝ። ክፍሌ ቀልደኛ ስለሆነ አላመንኩትም። ለብዙ ጊዜ ጃቫ ያልሄድነው እኔ እንዳልረዝም ተፈርዶብኝ ነው ብዬ ከሦስቱም ጋር በሆዴ ተኳርፌ ኖርኩ።

የክሊኒኩ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር አባቴ ስካርቦሮ ድረስ ሄዶ ሌላ አገኘ። ክፍሌ ከሦስቱ ትኬት አንዷን ደርሶ መልስ አድርጎ፣ አባቴን ለአንድ ወር ብቻውን ላከው። ጡረታውን ግን ከዚያ ወዲህ ከባንክ አላንቀሳቀሳትም። አባቴ ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ሻንጣው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ተመለሰ። ምባህን እንድትወጣ ለምኗት ነበር። ባሏ ከቤቱ ጀርባ ነው የተቀበረው፤ እሱን ውኃ ውስጥ ትቼ የትም አልሄድም ብላዋለች። ስለዚህ አፈሩ መሄዱን ቀጠለ፤ ይህን ጊዜ ግን ከአንድ ኪስ፣ ፊት ለፊት ተነጋግረው። አባቴ ስለ ኩሬው የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክፍሌ «እንዴት ነው ባሕርህ?» ብሎ ሲነካካው። «አሰብ ላይ እኛ ነን ባሕሩን ትተን የወጣነው» አለ። «ይሄኛው ግን ወዶኝ ቤቴ ድረስ መጣ።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ምባህ እዚያው ቤት፣ አልጋዋ ደርቆ፣ በእርጅና ሞተች። አብረናት ልንኖር ነበር፤ አልሆነም፤ አንድም ቀን ሳላቅፋት ነው የሄደችው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት ለዒድ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሜትር ከሃምሳም አልሞላሁም። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ስለሌለ በቀርከሃ ድልድይ ነው የሚኬደው፤ ከሥር ውኃው ጸጥ ብሎ፣ በወጣትነቷ እናቴ ብስክሌት የነዳችበትን መንገድ ሸፍኖ ተኝቷል። አረንጓዴው መስኮት ቁርጭምጭሚት ጋ ደርሶ በጡብ ተደፍኗል። ዋርሲቶ አርጅቷል፤ ደጃፉ ላይ መቆም ስለማይችል ለፎቶው ከበሩ ውጭ ወንበር አወጡለት። ጥቁር ቆቡን አስተካከለና በእጁ ወደ በሩ አሳየኝ። ሄጄ ከጉበኑ ሥር ቆምኩ። አያቴ በሩ ላይ የጠረበው ጌጥ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ጎንበስ አልኩ። በሕይወቴ በር ሥር ጎንበስ ስል የመጀመሪያዬ ነበር፤ እናቴ ያን ጊዜ ፎቶ አነሳችኝ።

ቶሮንቶ ስንመለስ ፎቶውን አሳትሜ ፍሪጁ ላይ ከእነዚያ አምስት አሮጌ ፎቶዎች ጎን ለጠፍኩት። አባቴ በማግስቱ ጠዋት በካልሲው መጥቶ ፍሪጁን ሊከፍት ሲል አየው። እጁን መክፈቻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። በሩን፣ ወንበሩን፣ የተደፈነውን መስኮት፣ ከጉበኑ ሥር አንገቷን የሰበረችውን ልጁን ተራ በተራ አየ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«አደግሽ» አለኝ፤ ወተቱን አወጣ።